ከኮታው ውጪ ነው የገቡት

በዓመት 105 ቻይናውያን ብቻ እንዲገቡ የሚፈቅደው የ1943 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ኮታ እያለ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሺዎች ቻይናውያን ሴቶች እንዴት አሜሪካ ገቡ ላልከው፣ ከኮታው ውጪ ነው የገቡት። በዲሴምበር 1945 የወጣው ሕግ ለአሜሪካ ወታደሮች ሚስቶች በር ከፈተ፤ በኦገስት 1946 የወጣው ደግሞ የማንኛውንም አሜሪካዊ ዜጋ ቻይናዊት ሚስት ከቁጥሩ አወጣ።

ለክፍል ጽሑፍህ ግን ሕጉ ብቻ አይበቃም። ብዙዎቹ አዲስ ሙሽሮች አልነበሩም። ባሎቻቸው አሜሪካ ውስጥ ልብስ እያጠቡ ወይም ምግብ ቤት እየሠሩ ገንዘብ ሲልኩላቸው፣ እነሱ በደቡብ ቻይና፣ ጓንግዶንግ ውስጥ በታይሻን መንደሮች ልጅ ሲያሳድጉ የኖሩ ናቸው። ጃፓን በዲሴምበር 1941 ሆንግ ኮንግን ስትይዝ ገንዘቡ የሚያልፍበት መንገድ ተዘጋ። በ1943 ረሃብ ገባ። ከዚያ ሁሉ ተርፈው ነው ለዓመታት ካላዩት ባል ጋር ትዳርን እንደገና የጀመሩት። ሳን ፍራንሲስኮ ሲደርሱም ብዙዎቹ ለምርመራ ተይዘው ቆይተዋል። ይህን ክፍል አታሳጥረው፣ እባክህ።

አንድ ጥንቃቄ፦ እንዲህ ያሉ የቤተሰብ ታሪኮችን ስከታተል ደጋግሞ የሚያስቸግረኝ ስም ነው። ብዙ ወንዶች በተገዛ ወረቀት፣ የሌላ ሰው ልጅ ተብለው ስለገቡ ልጆቻቸውም በዚያው ስም ተመዘገቡ። ከ1956 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት በሐሰት ስም መግባታቸውን እንዲናዘዙ ሲጠይቅ አንዳንዶቹ እውነተኛ ስማቸውን መለሱ፤ ሌሎቹ ፈርተው ዝም አሉ። ስለዚህ አንዲት አያት ልታነጋግር ከሄድክ በቤተሰብ ስም አትጀምር። መንደሯን፣ የተሳፈረችበትን ወደብና የመጣችበትን ዓመት አስቀድመህ ጠይቃት።