ለሐይቁ ጉዞ ምን ልያዝ ላልከው ወንድማችን፦ መጀመሪያ የፍሬን ዘይትህን ቀይር

ወንድሜ፣ «ባለቤቴን፣ እናቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ሸለቆ ውስጥ ወዳለ ሐይቅ በአንድ ቀን ደርሼ ልመለስ ነው፤ መንገዱ አስፋልት ቢሆንም መጨረሻው ላይ ረጅም ቁልቁለት አለው፤ ምን ምን ልያዝ?» ብለህ ጠይቀሃል። እስካሁን የተሰጡህን መልሶች አነበብኳቸው። ምንጣፍ፣ ኳስ፣ ጃንጥላ፣ ቅያሪ ልብስ ተብሏል፤ ሁሉም ደህና ነው። ቁልቁለት እንዳለው እየነገርካቸው ስለ ፍሬን ያነሳ አንድ ሰው አለመኖሩ ግን አሳስቦኛል። መንዳት ስለምታውቅ የመንዳት ሀሁ አልነግርህም።

1. ጭነትና ጎማ። የሾፌሩን በር ስትከፍት ምሰሶው ላይ የተለጠፈ ወረቀት አለ። የጎማ ንፋስ ልክ እሱ ላይ ተጽፏል፤ ብዙ መኪኖች ላይ አንዱ ለጥቂት ሰው፣ ሌላው ለሙሉ ጭነት ነው። አምስት ሰው ከነዕቃው ሲሳፈር ያንተ ልክ የሙሉ ጭነቱ ነው። ጠዋት መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ጎማው ቀዝቃዛ እያለ ለካ። መንገድ ላይ ለክተህ ጨምሮ ብታገኘው እንዳታስተነፍሰው፤ ሲሞቅ ጥቂት ፒ.ኤስ.አይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) መጨመሩ ያለ ነው። ያን «ትርፍ» ያስተነፈሰ ሰው ሳያውቀው በጎደለ ጎማ ይጓዛል፤ የጎደለ ጎማ ደግሞ ከልክ በላይ ይሞቅና ይፈነዳል። ስኮርታውንም (መለዋወጫ ጎማውን) ለካ። ጎኑ ላይ «ዶት» (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉትን አራት ቁጥሮች እያቸው፤ 2316 ከሆነ በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ስኮርታ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ጎማ ነው። ክሪኩንና የብሎን መፍቻውን ደግሞ ግቢ ውስጥ ሞክራቸው፤ መፍቻው እንደማይገጥም በር ላይ ሆኖ ማወቅ ይሻላል።

2. ፍሬን። እዚህ ላይ ረጋ ብለህ አንብብልኝ።

ቁልቁለት ላይ አደጋ ሲደርስ «ፍሬን በጠሰ» እንላለን። ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን አንዲት ቧንቧ ሳትበጠስ ፍሬን ሊጠፋ ይችላል። የፍሬን ዘይት እርጥበት ይስባል። የፍሬን ዘይት በዓይነቱ ዶት 3፣ ዶት 4 እየተባለ ይጠራል፤ አዲስ ዶት 3 ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ፣ ዶት 4 ደግሞ እስከ 230 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሳይፈላ ይቆያል። ከመቶ 3.7 ያህል ውሃ ከገባበት ግን መስፈርቱ የሚጠይቀው 140 እና 155 ዲግሪ ብቻ ነው። ፈሳሽ ስትጫነው አይታመቅም፤ ለዚህ ነው የእግርህ ግፊት ጎማው ድረስ የሚደርሰው። እንፋሎት ግን ይታመቃል። ዘይቱ ሲፈላ እግርህ ሸራውን (ዲስኩን ጨብጦ የሚያቆመውን) መግፋቱ ቀርቶ አረፋ ይጨምቃል፣ ፔዳሉም ወለል ይነካል።

ሙቀቱ ከየት ይመጣል ካልክ እናስላው። መኪናህ ከነቤተሰብህ 1,800 ኪሎ ይመዝናል እንበል። 800 ሜትር ከፍታ ሲወርድ 14 ሚሊዮን ጁል ገደማ ይለቃል፤ 40 ሊትር ቀዝቃዛ ውሃ የሚያፈላ ሙቀት ነው። ማርሽ ቀንሰህ ከወረድክ ብዙውን ሞተሩ ይሸከምልሃል። እግርህን ፍሬን ላይ አስቀምጠህ ከወረድክ ግን ሁሉም ማለት ይቻላል ዲስክና ሸራው ላይ ያርፋል።

ስለዚህ ከጉዞው ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድመህ ጋራዥ ግባ። «ዘይቱ ሙሉ ነው፣ ምንም አይልም» ብሎ የሚመልስህ መካኒክ ያጋጥምሃል፤ ይሄ አነጋገር እኔን ከምንም በላይ ያናድደኛል። የዘይቱ ከፍታ መፍሰስ አለመፍሰሱን፣ የሸራውን ማለቅ ቢጠቁም ነው እንጂ ስለ እርጥበቱ አይናገርም። ሙሉ ሆኖ በውሃ የተበላሸ ሊሆን ይችላል። በየሁለት ዓመቱ ይቀየራል፤ መቼ እንደተቀየረ ካላወቅህ አልተቀየረም ብለህ ቁጠረው። ለአንድ የቤት መኪና 1 ሊትር ብዙውን ጊዜ ይበቃል። ክዳኑ ላይ የተጻፈውን ዓይነት፣ ካልተከፈተ ዕቃ እዚያው ፊትህ ተከፍቶ ይግባ፤ ተከፍቶ መደርደሪያ ላይ የከረመ ዘይት እርጥበቱን ጠጥቶ ጨርሷል። ዶት 5 የሚባለው የሲሊኮን ዘይት ከእነዚህ ጋር አይደባለቅም። የሞተር ዘይት ጠብታ እንኳ ቢገባ የፍሬኑን የውስጥ ላስቲኮች አሳብጦ ያበላሻል። ሲቀየር ከአራቱም ጎማ በኩል ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ መተንፈስ አለበት፤ በመሐል ማጠራቀሚያው ባዶ ከሆነ አየር ይገባና ሥራው እንደገና ይጀመራል። ከላይ ያለውን መጥጦ አዲስ መጨመር መቀየር አይባልም፤ የሚፈላው ጎማው ጋ ያለው ዘይት ነውና። ሸራው ከ3 ሚሊ ሜትር ካነሰም አብሮ ይቀየር። አንድ ሳምንት ቀድመህ ያልኩህ ለዚህም ነው፤ አዲስ ሸራ ከዲስኩ ጋር እስኪላመድ ከተማ ውስጥ ይሠራበት።

በዋዜማው ሞተሩን አስነስተህ ፔዳሉን እኩል ተጭነህ 30 ሰከንድ ያዝ። ቀስ እያለ ከሰመጠ ጉዞው ይቅር።

አሁን አወራረዱ። ማርሹ የሚመረጠው ከቁልቁለቱ በፊት፣ አናቱ ላይ ነው። ፍጥነት ከተጨመረ በኋላ ማርሽ መቀነስ ይከብዳል። ያንን ዳገት ለመውጣት በምትጠቀምበት ማርሽ፣ ወይም ከዚያ አንድ ዝቅ ባለው ውረድ። አውቶማቲክ ከሆነ ዲ ላይ አትተወው፤ ወደ 3፣ ወደ 2 ወይም ወደ ኤል አውርደው፤ ኦቨርድራይቭ የሚል ቁልፍ ካለው አጥፋው። ሞተሩ ሲጮህ አትደንግጥ፣ የሞተር ዙር መርፌው ቀዩ ውስጥ እስካልገባ ድረስ ጉዳት የለውም። እናትህ «መኪናው ምን ሆኖ ነው?» ቢሉ አስቀድመህ አስረዳቸው። ፍሬኑን ደግሞ እያለሰለስክ አትያዘው። ፍጥነትህ ለምሳሌ 40 ሲደርስ ጠንከር አድርገህ ወደ 30 አውርደውና ሙሉ በሙሉ ልቀቅ፤ እንደገና 40 ሲሞላ ድገም። በተለቀቀባት ጊዜ ውስጥ ዲስኩ ይተነፍሳል።

ዜሮ ማርሽ ነዳጅ ይቆጥባል የሚልህን አትስማ። ባለ ኢንጀክሽን ሞተር በማርሽ ሲወርድ፣ እግርህ ከነዳጁ ላይ ከተነሳ፣ ነዳጁን ራሱ ይቆርጣል፤ በዜሮ ማርሽ ግን ላለመጥፋት ነዳጅ ያቃጥላል። ሞተር አጥፍቶ መውረድ ደግሞ ጭራሽ የማይታሰብ ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ ከረገጥክ በኋላ የፍሬኑ አጋዥ ኃይል ያልቃል፤ መሪውም ይጠነክራል።

የሸራ ሽታ ከሸተተህ ወይም ፔዳሉ ከተለወጠብህ ሁለቱን ለይ። ፔዳሉ ጠንክሮ መኪናው አልቆም ካለ ሸራው ከልክ በላይ ሞቋል። ፔዳሉ ለስልሶ ከሰመጠ ዘይቱ ፈልቷል፤ ቶሎ ቶሎ ደጋግመህ እርገጠው፣ ማርሹን አንድ በአንድ ቀንስ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ በቀስ ሳብ። የኤሌክትሪክ ከሆነ ብዙ መኪኖች ላይ ቁልፉን ሳትለቅ ስትይዘው ይሠራል። ከቆምክ በኋላ በታኮ ወይም በድንጋይ ጎማውን አስይዘህ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት አቀዝቅዘው። ውሃ እንዳትደፋበት፤ የጋለ ዲስክ ይጣመማል ወይም ይሰነጠቃል። ቀዝቅዞ ፔዳሉ ቢመለስም አትታለል፤ ያው እርጥብ ዘይት እዚያው አለ፣ በሚቀጥለው ቁልቁለትም ይፈላል።

3. ልጆቹ። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ የሚያስመልሳቸው ጆሮ የሚሰማው እንቅስቃሴና ዓይን የሚያየው አለመስማማቱ ነው፤ ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉት ላይ ይብሳል። ስልክና መጽሐፍ ተቀብለህ ወደ ፊት፣ ሩቅ እንዲያዩ አድርግ፤ መስኮትም ክፈት። መድኃኒት ካስፈለገ ፋርማሲስት ጠይቀህ ከመነሳታችሁ ከ30 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት በፊት ይሰጥ፤ ማስመለስ ከጀመሩ በኋላ እምብዛም አይረዳም። ትንሹ በልጅ መቀመጫ፣ ሁለቱም ከኋላ ይሁኑ። ጉልበት ላይ የተያዘ ልጅ ግጭት ሲደርስ ማንም አጥብቆ ሊይዘው አይችልም፤ እናትህ «እኔ እይዘዋለሁ» ቢሉም እሺ አትበላቸው። ከባድ ዕቃ ከኋላ መስታወት ሥር አይቀመጥ።

ሐይቁ ዳር ስትደርሱ የተኛ ልጅ መኪና ውስጥ አይተው። የመኪና ውስጥ ሙቀት በ10 ደቂቃ በ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ይጨምራል፤ መስኮት ትንሽ መክፈት እምብዛም አይለውጠውም። ውሃ አጠገብ ደግሞ ከትልልቆቹ አንዱ በስም ይመደብ። ሁሉም እያየ ነው ሲባል ማንም አያይም፤ ልጅ ሲሰምጥ ድምፅ ላያሰማ ይችላል። ጠባቂው እጁን ቢዘረጋ የሚደርስበት ርቀት ላይ ይሁን፣ በየ20 ደቂቃውም ይቀየር።

4. መመለሻ። ጉዞውን በኪሎ ሜትር ሳይሆን በሰዓት አቅደው። ጀንበር የምትጠልቅበትን ሰዓት ያዝና ዳገቱን ለመጨረስ የሚወስደውን ጊዜ፣ በላዩም አንድ ሰዓት ቀንስ፤ ያቺ የመነሻ ሰዓትህ ናት። ልጆቹ ቢያለቅሱም አትለፋት። ነዳጁን ከመውረድህ በፊት ሙላ። ዳገቱ ላይ የሙቀት መርፌው ከፍ ካለ ኤሲውን አጥፋ፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው ክፈት፣ መስኮቶቹን አውርድ። ካልወረደ ጥግ ይዘህ ቁምና ሞተሩን አጥፋ። የራዲያተሩን ክዳን ቶሎ እንዳትነካ፤ የራዲያተሩን ቱቦ በጨርቅ ስትይዘው ለብ ብሎ እስኪለሰልስ ጠብቅ፣ ልጆቹም እስከዚያ ከመንገዱ ርቀው ከእናታቸው ጋር ይቀመጡ።