‹ምሁር› ወይስ ‹ሙሁር›? ስለ አናባቢ ስምምነትና ስለ ሳድስ ጠባይ

ጥያቄ፦ የአራተኛ ክፍል የአማርኛ መምህርት ነኝ። በተማሪዎቼ ደብተር ላይ ‹ሙሁር›፣ ‹ጹሑፍ›፣ ‹ቁዱስ›፣ ‹ቡዙ› የሚሉ አጻጻፎችን ደጋግሜ ስለማገኝ በቀይ አርማቸዋለሁ። ኢስታንቡል የተማረው ታላቅ ወንድሜ ግን፣ ‹‹ይህ እኮ የአናባቢ ስምምነት የሚባለው ነው፤ ቱርክኛ ሙሉ በሙሉ በዚህ ሕግ ይመራል። ልጆቹ የሰሙትን ጻፉ እንጂ አልተሳሳቱም›› ይለኛል። ልብ ብዬ ስሰማ እኔም በንግግሬ ‹ሙሁር› እላለሁ። ማንኛችን ነን ትክክል?

መልስ፦ ወንድምዎ ጆሯቸው አልተሳሳተም፤ ለሰሙት ነገር ስም ሲሰጡ ግን ቸኩለዋል። የእርስዎ እርማት ትክክል ነው፤ ለተማሪዎችዎ የሚሰጡት ምክንያት ግን ‹‹መጽሐፍ ላይ እንዲህ ስለ ተጻፈ›› ከሚለው የበለጠ ሊሆን ይችላል፤ አማርኛ ራሱ ያስቀመጠው ማስረጃ አለና።

የአናባቢ ስምምነት ማለት በአንድ ቃል ውስጥ ያሉት አናባቢዎች በምላስ ወይም በከንፈር አቀማመጥ እርስ በርስ እንዲመሳሰሉ የሚያስገድድ የድምፅ ሕግ ነው። ቱርክኛ ስምንት አናባቢዎች ያሉት ሲሆን አራቱ ምላስ ወደ ፊት ተገፍቶ፣ አራቱ ወደ ኋላ ተስቦ የሚነገሩ ናቸው። በዚህም ምክንያት የብዙ ቁጥር ምዕላዱ (በቃሉ መጨረሻ የሚቀጠለው ክፍል) ሁለት መልክ አለው፦ ‹ኤቭ› (ቤት) በብዙ ቁጥር ‹ኤቭሌር› ሲሆን ‹አት› (ፈረስ) ‹አትላር› ይሆናል። ‹የእኔ› የሚለውን የሚያመለክተው ምዕላድ ደግሞ ከምላስ በተጨማሪ የከንፈርን መክበብና አለመክበብ ስለሚከተል መልኩ አራት ነው። ከዐረብኛ የገባው ‹ኪታፕ› (መጽሐፍ) በውስጡ የፊትና የኋላ አናባቢ ስላለው በራሱ ሕጉን ያፈርሳል፤ ምዕላዱ ግን ለመጨረሻው አናባቢ ታዝዞ ‹ኪታፕላር› ይላል። እንደ ‹ሳአት› (ሰዓት) ያሉ፣ ‹ሳአትላር› መባል ሲገባቸው ‹ሳአትሌር› የሚባሉ አፈንጋጮችም አሉ፤ አፈንጋጭ ተብለው የሚታወቁት ግን ሕጉ ጽኑ ስለሆነ ነው። ‹ኤቭላር› ብሎ የሚናገር ቱርክ አይገኝም።

ፊንላንድኛና ሀንጋርኛም ምዕላዶቻቸውን እንደዚሁ በፊትና በኋላ አናባቢ ይለያሉ። በናይጄሪያው ኢግቦኛ ደግሞ መለያው የምላስ ሥር መገፋትና መሰብሰብ ነው። ከሁሉም ይልቅ ለእርስዎ ጥያቄ የሚቀርበው ግን የጎረቤታችን የሶማልኛ ነገር ነው። ሶማልኛ አናባቢዎቹን በምላስ ሥር አቀማመጥ በሁለት ወገን ይከፍላል፤ በአንድ ቃል ውስጥም ያሉት ከአንድ ወገን የመሆን ዝንባሌ አላቸው። ሆኖም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1972 የላቲን ፊደል የመንግሥት ጽሕፈት ሆኖ ሲታወጅ አምስት የአናባቢ ምልክቶች ብቻ ተወሰዱ፤ የሁለቱን ወገኖች ልዩነት አንባቢው ከቋንቋው እውቀት ያመጣዋል እንጂ ከወረቀቱ አያገኘውም። እንግዲህ ‹‹የሚሰማው ሁሉ ይጻፍ›› የሚለው የወንድምዎ መከራከሪያ፣ እውነተኛ የአናባቢ ስምምነት ባለው ቋንቋ እንኳ የግድ የሚሠራ አይደለም።

አማርኛን በዚህ መለኪያ ብንመዝነው ስምምነት የለውም። ‹ቤቶች›፣ ‹ሴቶች›፣ ‹በጎች›፣ ‹ዱሮች› ስንል ከፊት ያለው አናባቢ ምንም ይሁን ምን ‹-ኦች› መልኩን አይለውጥም። ‹ከተማ› ‹ከተሞች› ሲሆንም የሆነው ራብዑ (የ‹ማ› ‹አ›) መዋጡ ነው፤ መስማማት አይደለም። እርስዎና ተማሪዎችዎ የምትሰሙት ነገር ጠባብ ነው፦ ሳድስ (እንደ ‹ም› ያለ ስድስተኛ) ፊደል ከኋላው ካዕብ (እንደ ‹ሁ› ያለ ሁለተኛ ፊደል) ሲከተለው ከንፈርን አስቀድሞ ያከብባል። ተናጋሪው ለ‹ሁ› ከንፈሩን የሚያዘጋጀው ገና ‹ም› ላይ ሳለ ነው። አካሄዱም ከቱርክኛው ተቃራኒ ነው፤ እዚያ ፊተኛው ኋለኛውን ሲገዛ፣ እዚህ ኋለኛው ፊተኛውን ይስባል። ደግሞም ግዴታ የለበትም፤ ረጋ ብሎ የሚያነብ ሰው ‹ምሁር› ይላል፣ ተጣድፎ የሚያወራ ‹ሙሁር› ይላል፣ ሁለቱንም ማንም ሳይገረም ይሰማቸዋል። የሥነ ድምፅ ሰዎች ይህን መመሳሰል ይሉታል፤ የአናባቢ ስምምነት የቅርብ ዘመድ ነው፣ ራሱ ግን አይደለም።

የሚሳበው ሳድስ ብቻ የሆነበት ምክንያትም ግልጽ ነው። ሳድስ አጭርና ደካማ አናባቢ ነው፤ እንዲያውም አንዳንድ ጊዜ ጨርሶ አይነገርም። ‹ደጉ› ስንል ‹ደ›ው ወደ ‹ዱ› አይጎተትም፤ ‹ብሉ› ስንል ግን ‹ብ›ው ወደ ‹ቡ› ይጠጋል። መሳቡ ደግሞ በመካከል እንደ ‹ሀ› ያለ የጉሮሮ ድምፅ ሲኖር ይበረታል፤ ጉሮሮ ሥራውን ሲሠራ ምላስና ከንፈር ነፃ ስለሆኑ የኋለኛው አናባቢ ያለ ከልካይ ወደ ፊት ያልፋል። ተማሪዎችዎ ከሁሉ ይልቅ ‹ሙሁር›፣ ‹ጹሑፍ›፣ ‹ቱሑት› ላይ የሚሰናከሉት ስለዚህ ይመስለኛል።

ይህን የጉሮሮ ፊደላት ጠባይ ቅኔ ቤት ገብቶ ግስ ያወረደ ሰው ከሥነ ድምፅ ምሁር በፊት ያውቀዋል። በግእዝ ‹ነገረ› በካልአይ አንቀጽ (በአማርኛ ‹ይነግራል› እንደምንለው) ‹ይነግር› ይላል፤ የ‹ነ› ግእዝነት (የመጀመሪያው ፊደል መሆኑ) ‹ይ›ን አልነካውም። ‹ዐርገ› ግን ‹ይዐርግ› ሳይሆን ‹የዐርግ›፣ ‹ሖረ›ም ‹የሐውር› ይላል፤ ሳድሱ ‹ይ› በጉሮሮው ፊደል ላይ ያለውን የግእዝ አናባቢ ገልብጦ ‹የ› ሆነ። በትእዛዝ አንቀጽ የጉሮሮው ፊደል ሳድስ ሲሆን ደግሞ ‹ይዕረግ› ብሎ ‹ይ› ይመለሳል። በግእዝ ይህ ግዴታ ስለሆነ ተጻፈ። በአማርኛው ‹ምሁር› ላይ ያለው ግን የአነጋገር ፍጥነት ጉዳይ ስለሆነ አይጻፍም።

እንዲህ ያለ ኋለኛው ፊተኛውን የሚስብበት መመሳሰል አንዳንድ ጊዜ ከንግግር ወጥቶ በቃሉ ውስጥ ይቀራል። በጥንታዊው ጀርመንኛ ‹ጋስት› (እንግዳ) በብዙ ቁጥር ‹ጌስቲ› ይባል ነበር፤ ኋላ ያለው ‹ኢ› የፊቱን ‹አ› ስቦ ‹ኤ› አድርጎታል። ከዘመናት በኋላ ሳቢው ‹ኢ› ራሱ ደክሞ ጠፋ፣ የተሳበው አናባቢ ግን በቦታው ቀረ፤ የዛሬው ጀርመናዊ በብዙ ቁጥር ‹ጌስተ› የሚለው ሳቢው በሌለበት ነው። ‹‹ለውጡ የቃሉ ሆኗል ወይስ ገና የአፍ ነው?›› ለሚለው ጥያቄ ከዚህ የተሻለ መፈተኛ አላውቅም፦ ሳቢው አናባቢ በሌለበት የቃሉ ዘመድ ላይ የተሳበው አናባቢ አለ ወይ?

በዚሁ መፈተኛ የተማሪዎችዎን ቃላት እንመልከት። ‹ቅዱስ›፣ ‹ክቡር›፣ ‹ንጉሥ›፣ ‹ምሁር› ከግእዝ የመጡ የአንድ ቅርጽ ልጆች ናቸው፤ ፊተኛው ፊደል ሳድስ፣ ሁለተኛው ካዕብ ነው። በአንስታይ ጾታ ካዕቡ ወደ ሳድስ ይወርዳል፦ ‹ቅድስት›፣ ‹ክብርት›፣ ‹ንግሥት›። አሁን ‹ቁድስት› ወይም ‹ኑግሥት› የሚል ሰው ፈልጉ፤ አይገኝም። ‹ቁዱስ› ያሰኘው ‹ዱ› ሲነሣ ‹ቁ›ም አብሮ ተነሣ ማለት ነው። ‹ምሁር› ደግሞ ‹ትምህርት›ን ምስክር ይጠራል፤ ‹ትሙህርት› የሚል የለም። ለ‹ጽሑፍ› ‹ጽሕፈት›፣ ለ‹ትሑት› ‹ትሕትና›፣ ለ‹ብዙ› ‹ብዛት›፣ ለ‹ጥሩ› ‹ጥራት› ይመሰክራሉ። ለአራተኛ ክፍል ልጅ የድምፅ ሕግ መተንተን አያስፈልግም፤ ‹‹ትምህርት በ‹ም› ከሆነ ምሁርም በ‹ም› ነው›› ማለት ይበቃል፤ ልጁም አንድ ቃል ሲታረም ሁለት ቃል ያተርፋል።

መፈተኛው በተቃራኒውም ይሠራል፤ ሳይመረምሩ ካዕብን ሁሉ ወደ ሳድስ የሚመልሱ አራሚዎችም ስላሉ ይህ ወገን መታለፍ የለበትም። ‹ሙሉ›፣ ‹ኩሩ›፣ ‹ቁጡ› ሲታዩ ‹ሙሁር›ን ይመስላሉ፤ ዘመዶቻቸው ግን ‹ሙላት›፣ ‹ኩራት›፣ ‹ቁጣ› ናቸው። በ‹ሙላት› ውስጥ ከንፈርን የሚያከብብ ኋለኛ አናባቢ የለም፤ ‹ሙ› ግን በቦታው ነው። ክበቡ ከጎረቤት የተዋሱት ሳይሆን የቃሉ የራሱ ነው፤ ግሶቹም ‹ሞላ›፣ ‹ኮራ›፣ ‹ተቆጣ› እያሉ ይህንኑ ያጸናሉ። ግእዙ ‹መልአ›፣ ‹ምሉእ› ማለቱ እውነት ነው (በነገራችን ላይ ብዙዎች በዓይኑ ‹ዕ› የሚጽፉት ይህ ቃል በአልፋው ‹እ› ነው የሚጻፈው)፤ አማርኛው ግን በ‹መ› ከንፈርነት የተነሣ አናባቢውን አክብቦ የራሱ ካደረገው ቆይቷል። ስለዚህ ግእዙን አይቶ ‹ሙሉ›ን ‹ምሉ› ማድረግ አማርኛን ማረም አይሆንም፤ ‹ምሉእ› ማለት የፈለገ ሰው ‹ምሉእ› ይበል።

መፈተኛው የማይደርስባቸው ጥቂት ቃላትም አሉ። ‹ድሮ› እና ‹ዱሮ›፣ ‹ሽሮ› እና ‹ሹሮ› ሁለት ሁለት ሆነው ይነገራሉ፤ ‹ዱሮ›ማ በጽሑፍም የተለመደ ነው። እዚህ ሳቢው ሳብዕ ‹ሮ› ሲሆን፣ እርሱ የሌለበት ዘመድ ለምስክርነት የሚጠራ አላገኘሁላቸውም። ‹ሽሮ› በሳድስ መጻፉ የጸና ስለሆነ ‹ሹሮ› የጻፈ ተማሪ ቢታረም ቅር አይለኝም። ‹ዱሮ› ብሎ በጻፈ ልጅ ደብተር ላይ ግን፣ እኔ ራሴ ‹ድሮ› የምጽፍ ብሆንም፣ ቀይ እስክሪብቶ አላነሣም፤ የምጠይቀው በአንድ ድርሰት ውስጥ አንዱን መርጦ እንዲጸና ብቻ ነው።