ትንኝ የሚያዛምታቸው ቫይረሶች የዘረመል ቅኝት፦ ከጅማ ለቀረቡ ጥያቄዎች የተሰጠ መልስ

ደንጊ፣ ቺኩንጉንያ፣ ቢጫ ወባና መሰሎቻቸውን በዘረመላቸው ስለመከታተል ከጅማ ከተማና ከዙሪያዋ ወረዳዎች የመጡ ጥያቄዎች ከነመልሳቸው እነሆ። ጠያቂዎቹ የላብራቶሪ ባለሙያዎች፣ ጤና መኮንኖች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና ተማሪዎች ናቸው። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ።

ጥያቄ (ጤና መኮንን)፦ እዚህ አካባቢ ትኩሳት ሲባል ሁሉም የሚያስበው ወባን ነው። ሌላ ቫይረስ መፈለጉ ምን ያህል ያስኬዳል?

ወባን አስቀድማችሁ መፈለጋችሁ ትክክል ነው። ችግሩ ያለው የደም ፊልሙም ፈጣን ምርመራውም ነጻ ያለውን ሰው «ታይፎይድ ይሆናል» ብሎ መሸኘቱ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 ደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያን የመታው ቢጫ ወባ 100,000 ያህል ሰው አሳምሞ 30,000 ያህሉን እንደገደለ ይገመታል። የተስፋፋውም የጅማው ግልገል ጊቤ በሚፈስበት በኦሞ ተፋሰስ ነበር። በቅርቡም እ.ኤ.አ. በ2018 ወላይታ ላይ፣ በ2020 ደግሞ ከጊቤ ማዶ ጉራጌ ላይ ተከስቷል። ደንጊ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቺኩንጉንያ በ2019 ድሬዳዋን አጥቅተዋል። ከድሬዳዋ ጅማ ሰውም ጭነትም ይመላለሳል። ስለዚህ ወባ የሌለበት፣ ትኩሳቱ ከ5 ቀን ያልበለጠ፣ የመገጣጠሚያ ወይም ከዓይን ጀርባ ሕመም፣ ሽፍታ፣ መድማት ወይም የዓይን ቢጫ መሆን ያለበት ታካሚ ናሙና ሊወሰድለት ይገባል።

ጥያቄ (የላብራቶሪ ባለሙያ)፦ ፒሲአር ቫይረሱን ከነገረን የዘረመሉ ንባብ ምን ይጨምራል?

ፒሲአር፣ ማለትም የቫይረሱን ዘረመል አባዝቶ መኖሩን የሚያሳየው ምርመራ፣ «ደንጊ ነው፣ ዓይነት 2 ነው» ይላችኋል። ንባቡ፣ ማለትም ዘረመሉን ፊደል በፊደል ማንበብ፣ ደግሞ ይህ ደንጊ 2 አምና ከነበረው የቀጠለ ነው ወይስ አዲስ የገባ የሚለውን ይመልሳል። የቀጠለ ከሆነ ትንኙ እዚሁ ክረምት ከበጋ እያዞረው ነው ማለት ስለሆነ ሥራው የውሃ ማጠራቀሚያዎች ላይ ይሆናል። አዲስ ከሆነ ከየት እንደመጣና ስንት ጊዜ እንደገባ ይፈለጋል። ሌላም አለ፤ የምትጠቀሙበት የፒሲአር ፕራይመር (ማባዛቱ የሚነሳበት አጭር የዘረመል ቁራጭ) የሚያርፍበት ቦታ ላይ ቫይረሱ ተለውጦ ከሆነ ምርመራው እየሳተ «ነጻ» ይላል። ይህን ማየት የሚቻለው በንባብ ብቻ ነው።

ዓይነቱ ራሱም ቀላል ነገር አይደለም። አንድ ጊዜ በአንዱ የደንጊ ዓይነት የተያዘ ሰው በሌላ ዓይነት ሲያዝ ወደ ከባድ ደረጃ የመድረስ ዕድሉ ይጨምራል። ዓይነት 1 ብቻ በነበረበት ከተማ ዓይነት 3 ሲገባ ሆስፒታሎች ቀድመው ማወቅ አለባቸው።

ጥያቄ፦ ከታካሚ ምን ያህል ደም፣ በየትኛው ቱቦ?

ከአዋቂ 5 ሚሊ ሊትር፣ ከልጅ 2 እስከ 3 ይበቃል። ቀይ ወይም ቢጫ ክዳን ያለው የሴረም ቱቦ ተመራጭ ነው፤ ኢዲቲኤ ያለበት ሐምራዊውም ይሆናል። አረንጓዴው አይሆንም፤ ውስጡ ያለው ሄፓሪን ፒሲአርን ያፍናል። ደሙ 30 ደቂቃ ያህል ረግቶ በ1,500 ጂ ለ10 ደቂቃ ይሽከረከር፤ ሴረሙ ከ0.5 ሚሊ ሊትር ባልበለጠ መጠን በ2 ወይም 3 ትንንሽ ቱቦ ይከፈል። መከፋፈሉን አትዝለሉት። አንድ ቱቦ በቀዘቀዘና በቀለጠ ቁጥር አርኤንኤው (የቫይረሱ ዘረመል) ይቆራረጣል፤ አጭር ቁራጭ የሚፈልገው ፒሲአር ሊያገኘው ቢችልም ሙሉ ጂኖሙ (ጠቅላላ ዘረመሉ) ግን አይነበብም። ሴረሙ ሳይለይ ደሙን ከነሕዋሱ ማቀዝቀዝም አይገባም፤ ቀይ የደም ሕዋሱ ይፈነዳና ናሙናው ይበላሻል።

ትኩሳቱ ከጀመረ 5 ቀን ካለፈ ቫይረሱ ከደም ውስጥ እየጠፋ ስለሆነ አይጂኤም (ሰውነት ለአዲስ ሕመም ቀድሞ የሚያመነጨው ፀረ እንግዳ አካል) ይመርመር። ግን አይጂኤም በደንጊ፣ በዚካና በቢጫ ወባ መካከል እርስ በርስ ስለሚጠላለፍ ብቻውን አይታመንም።

ጥያቄ (ጤና ጣቢያ)፦ ያለን ተራ ፍሪጅ ብቻ ነው፤ መብራትም ይጠፋል። እንተወው?

አትተዉት። ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ እስከ 48 ሰዓት ያቆያል፤ በ24 ሰዓት ውስጥ ብታደርሱት ይሻላል። የክትባት መያዣ ሳጥንና የበረዶ ጥቅል ለዚህ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚቆይ ከሆነ ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ የሚደርስ ፍሪዘር ወይም ፈሳሽ ናይትሮጅን ያስፈልጋል። በመሃል ያለው የቤት ፍሪዘር ብዙዎችን አታሏል፤ በረዶ እንዳይጋገርበት በየጊዜው ራሱን ስለሚያሞቅ ናሙናው ሳይታወቅ እየቀለጠ እየቀዘቀዘ ይከርማል።

ሌላው አማራጭ 140 ማይክሮ ሊትር ሴረም 560 ማይክሮ ሊትር የአርኤንኤ ማውጫ ኪቱ ማሟሚያ ፈሳሽ (በፈር) ላይ ወዲያው መጨመር ነው። ቫይረሱ ስለሚሞት ለሠራተኛው ደኅንነት ይበጃል፤ አርኤንኤውም ከመቆራረጥ ይተርፋል። እዚህ ላይ ግን ቫይረሱን በሕዋስ የማሳደግ ዕድል ስለሚያበቃ አንድ ቱቦ ሳይነካ ይቀመጥ።

ወደ አዲስ አበባ የምትልኩ ከሆነ መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነውና ዓርብ ከሰዓት አትላኩ፤ ቅዳሜና እሑድ ተቀባይ በሌለበት በረዶው ያልቃል። ደረቅ በረዶ ከተጠቀማችሁ ሳጥኑ አየር መውጫ ይኑረው፤ ጋዙ ታፍኖ ሊፈነዳ ይችላል።

ጥያቄ (ጤና ኤክስቴንሽን)፦ ትንኞቹን ጅማ ውስጥ የት እንፈልግ? አጎበር ውስጥ የምናገኛቸው ናቸው?

ሌሊት አጎበር የምትዞረው በአብዛኛው አኖፊለስ ወይም ኩሌክስ ናት። ደንጊና ቺኩንጉንያን የምታዛምተው ኤዴስ ኢጂፕቲ የምትነክሰው በቀን ነው፤ ይበልጡን ጠዋትና አመሻሽ ላይ። የብርሃን ወጥመድ ሌሊት ሰቅላችሁ «ኤዴስ የለም» ብትሉ ያላገኛችሁት በተሳሳተ ሰዓት ስለፈለጋችሁ ነው። ቀን የሚሠራ የቢጂ ሴንቲኔል ወጥመድ ጥላ ያለበት፣ ነፋስ የማይመታው መሬት ላይ ይቀመጥ። ትንኝ ለሚስበው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደረቅ በረዶ ካጣችሁ ስኳር፣ እርሾና ለብ ያለ ውሃ ክዳኑ ላይ ቱቦ በተሰካበት ጀሪካን በጥብጡ። ቤት ውስጥ ያረፉትን ከአልጋ ሥርና ከተሰቀለ ልብስ ጀርባ በመምጠጫ ሰብስቡ። እጭ ለማየት በርሜል፣ አሮጌ ጎማ፣ የተወረወረ ጣሳና የግንባታ ውሃ መያዣ ይታይ።

በዚህ አካባቢ የሚረሳው እንሰት ነው። ኤዴስ ሲምፕሶኒ የምትባለው ዝርያ በእንሰትና በጎደሬ ቅጠል ብብት ውስጥ በሚጠራቀመው ውሃ ትራባለች። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ቢጫ ወባን ከሰው ሰው ካዛመቱት ዋነኛዋ እሷ ነበረች። ጭልፋ እዚያ ውስጥ አይገባም፤ ረጅም ፒፔት ወይም መርፌ የሌለው ትልቅ ሲሪንጅ ያዙና ከብብቱ ውሃውን መጥጣችሁ ነጭ ሳህን ላይ ገልብጡት። በርሜልና ጎማ ብቻ የቆጠረ ቅኝት ለጅማ ዙሪያ ጓሮዎች ግማሽ ሥራ ነው።

ጥያቄ (ተማሪ)፦ የተያዙትን ትንኞች ከወጥመድ እስከ አርኤንኤ በቅደም ተከተል ብታስረዱን።

መረቡን እንዳለ ፍሪዘር ውስጥ 20 ደቂቃ አስቀምጡ። ትንኞቹን በበረዶ ላይ ባለ ፔትሪ ሳህን ዘርግታችሁ በማይክሮስኮፕ ለዩ። ኤዴስ ኢጂፕቲ ጥቁር ደረቷ ላይ በነጭ ቅርፊት የተሣለ የክራር ቅርጽ አላት፤ እግሮቿም ነጭ ቀለበት አላቸው። ከበረዶው ላይ አታንሷቸው፤ በክፍል ሙቀት ግማሽ ሰዓት የተቀመጠ ትንኝ አርኤንኤው መበላሸት ይጀምራል።

ደም የጠጡትን ለብቻ አድርጉ። ሆዷ ውስጥ ያለ የሰው ደም ቫይረስ ቢይዝ ሰውየው ታሟል ማለት እንጂ ትንኟ አዛማች ናት ማለት አይደለም። የግድ መመርመር ካለባቸው ራስና ደረት ከሆድ ተለይቶ ይፈጭ። ከፈለጋችሁ በዚሁ ጊዜ አንድ እግር ቆርጣችሁ ለብቻ አስቀምጡ፤ ከእግሯ ዲኤንኤ ዝርያዋንና ለፓይረትሮይድ ፀረ ተባይ የመቋቋም ለውጥ እንዳላት ማየት ይቻላል። ርጭት ለሚያቅደው ክፍል ይህ ብዙ ወጪ ያድናል።

ከዚያ በዝርያ፣ በቦታና በቀን እየለያችሁ እስከ 25 ሴቶች በአንድ ቱቦ፣ 2 የብረት ዶቃና 500 ማይክሮ ሊትር ቀዝቃዛ ፒቢኤስ (የጨው በፈር) ጨምራችሁ 2 ደቂቃ አናውጡ፤ በ4 ዲግሪ በ10,000 ጂ ለ5 ደቂቃ አሽከርክሩ። ከላይ ካለው 140 ማይክሮ ሊትር አርኤንኤ ለማውጣት ውሰዱ፤ የተረፈው በሁለት ተከፍሎ ወደ ፍሪዘር ይመለስ። ከታች የዘቀጠውን ቡናማ ነገር በፒፔት አትንኩት። ቀለሙ ፒሲአርን ያፍናል። ከጠረጠራችሁ አርኤንኤውን 1 ለ10 በጥብጣችሁ ድገሙ፤ የሲቲ ዋጋው (ቫይረሱ እስኪታይ የፈጀው የማባዛት ዙር) በ3.3 ያህል መጨመር ሲገባው እዚያው ከቀረ ወይም ከቀነሰ ማፈን ነበረ።

የመያዝ መጠኑን ስታሰሉ ቫይረስ የተገኘባቸውን ቱቦዎች ቁጥር ለተመረመሩት ትንኞች ጠቅላላ ቁጥር አካፍላችሁ በ1,000 አባዙ።

ጥያቄ (የላብራቶሪ ባለሙያ)፦ ለሁሉም ፍላቪቫይረስ (ደንጊ፣ ዚካና ቢጫ ወባ ላሉበት ቤተሰብ) የሚሆነውን ፕራይመር ትንኝ ላይ ስንሞክር ብዙ አዎንታዊ ይወጣል፤ የደንጊው ግን ነጻ ነው። የቱን እንመን?

ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ትንኞች ሰው የማይነኩ የራሳቸው ፍላቪቫይረሶች አሏቸው፤ የጋራው ፕራይመር እነሱንም ያነሳል። ከዚህ የሚብሰው ኤዴስ በራሷ ዲኤንኤ ውስጥ የተሰገሰጉ የጥንት ፍላቪቫይረስ ቁራጮች መያዟ ነው፤ ቫይረስ ሳይኖር አዎንታዊ ይመጣል። የወጣውን አርኤንኤ በዲኤንኤዝ (ዲኤንኤን በሚቆራርጥ ኢንዛይም) አክሙ፤ ከእያንዳንዱም ናሙና ሪቨርስ ትራንስክሪፕቴዝ (አርኤንኤን ወደ ዲኤንኤ የሚገለብጠው ኢንዛይም) ያልገባበት አንድ ቱቦ አብራችሁ ሩጡ። ያ ቱቦ አዎንታዊ ከሆነ ያገኛችሁት የትንኟን ዲኤንኤ ነው። ይህ ሳይደረግ «አዲስ ቫይረስ ተገኘ» ብሎ ማወጅ ሕዝብ ያስደነግጣል፤ አደራ።

ጥያቄ፦ ንባቡ ራሱ እንዴት ይሠራል? ሚንአየን የሚባለው ትንሽ የዘረመል ማንበቢያ ማሽን ይበቃል?

ይበቃል። የደንጊ ጂኖም 10,700 ያህል ፊደል ነው። ይህ እያንዳንዳቸው 400 ፊደል በሚሆኑ፣ ጫፍና ጫፋቸው በሚደራረብ 35 ገደማ ቁራጮች ይባዛል። ጎረቤታም ቁራጮች አንድ ቱቦ ውስጥ ከገቡ መደራረቢያቸውን ብቻ ያባዛሉ፤ ስለዚህ ጎዶሎ ቁጥሮቹ በአንድ ቱቦ፣ ሙሉዎቹ በሌላ ይሠሩ። 98 ዲግሪ 15 ሰከንድ፣ 65 ዲግሪ 5 ደቂቃ፣ 35 ዙር። ከዚያ ሁለቱ ይቀላቀላሉ፣ በማግኔት ዶቃ ይጸዳሉ፣ ባርኮድ (የእያንዳንዱ ናሙና መለያ ቁራጭ) ይለጠፍባቸዋል፣ ወደ ፍሎው ሴል (ማሽኑ በጥቃቅን ቀዳዳዎች ወደሚያነብበት ክፍል) ይገባሉ። አራቱ የደንጊ ዓይነቶች እያንዳንዳቸው የራሳቸው ፕራይመር ስብስብ ስላላቸው በፒሲአር ዓይነቱን ሳትለዩ አትጀምሩ።

ሲቲው ከ30 በታች የሆነ ናሙና አብዛኛውን ጊዜ ሙሉ ጂኖም ይሰጣል። ከ33 በላይ የሆነው ክፍተት በክፍተት ይሆናል፤ ገንዘባችሁን አታባክኑበት። አንድ ቦታ በሁሉም ናሙና ላይ ከጠፋ ፕራይመሩ የሚያርፍበት ቦታ ተለውጧል፤ አንድ ናሙና ላይ ብቻ ከሆነ አርኤንኤው ተቆራርጧል። ከ20 ጊዜ በታች የተነበበ ቦታ «ያልታወቀ» ተብሎ ይመዝገብ እንጂ ከማጣቀሻው ጂኖም ተቀድቶ አይሞላ። በየዙሩ ውሃ ብቻ የያዘ ቱቦ ከማውጣት ጀምሮ አብሮ ይጓዝ፤ እሱ ላይ ቫይረስ ከተነበበ ያን ዙር ጣሉት። በ35 ዙር የተባዛ ምርት የተከፈተበት ክፍል ውስጥ አዲስ ናሙና መክፈት የብክለት ዋነኛ ምንጭ ነው፤ ክፍል ካልበቃ ቢያንስ ፒፔትና ጋውን ይለዩ።

ፍሎው ሴሉ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ በረዶ ከሆነ ይሞታል። ሲደርሳችሁ ወዲያው ፈትሹት፤ ከ800 ያነሰ የሚሠራ ቀዳዳ ካለው አቅራቢው የሚተካው በዋስትናው ጊዜ ውስጥ ካሳወቃችሁ ነው።

ማሽን የሌለው ላብራቶሪ የደንጊን ኢ ጂን፣ 1,485 ፊደል ያህሉን፣ በፒሲአር አባዝቶ ለሳንገር ንባብ (አጫጭር ቁራጭ ለሚያነበው የቆየ ዘዴ) መላክ ይችላል። ጂኖታይፑን (በአንዱ ዓይነት ውስጥ ያለውን የዘር ቅርንጫፍ) ለመለየት ይህ ይበቃል።

ጥያቄ፦ ማን ከማን እንደያዘ ያሳያል?

አያሳይም። ደንጊ በዓመት የሚለውጠው ከ10,700 ፊደላት 8 ያህሉን ብቻ ስለሆነ በአንድ ወረርሽኝ ውስጥ የጎረቤታሞች ቫይረስ አንድ ዓይነት ሆኖ ሊገኝ ይችላል። በዚህ ሰበብ ሰው ላይ ጣት መቀሰር ሐሰት ነው።

ጥያቄ (ጤና መኮንን)፦ ቢጫ ወባ በተከተበ ሰው ላይ ፒሲአሩ አዎንታዊ ቢሆንስ?

ክትባቱ ሕያው ሆኖ የተዳከመ 17ዲ ቫይረስ ነውና ከተከተበ በኋላ ባሉት ቀናት ደም ውስጥ ሊገኝ ይችላል። ዘመቻ በተደረገበት ቀበሌ ትኩሳት ሲመጣ የክትባቱን ቫይረስ ከዱሩ የሚለየው የዘረመል ንባብ ወይም ለ17ዲ የተዘጋጀ ፒሲአር ነው። የተከተበበት ቀን ቅጹ ላይ ካልተጻፈ ይህን ጥያቄ ማንም አያነሳውም። የተጠረጠረ ታካሚን ለማሳወቅ ግን ንባቡን አትጠብቁ፤ ቢጫ ወባ ሲጠረጠር በዚያው ቅጽበት ሪፖርት ይደረጋል።

ጥያቄ፦ ቅጹ ላይ ሌላ ምን ይሞላ?

ሕመሙ የጀመረበትና ናሙናው የተወሰደበት ቀን፣ ቀበሌ፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ባለፉት 14 ቀናት የተጓዘበት ቦታ። ቀኑን በተመለከተ አጥብቄ የምለው አለ። የቫይረሶቹን የዘር ሐረግ የሚሠራው ፕሮግራም የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠር ብቻ ነው። መስከረም 5 ቀን 2017 ዓ.ም. የተወሰደ ናሙና 15 ሴፕቴምበር 2024 ተብሎ ካልተቀየረ ቫይረሱ ሰባት ዓመት ወደኋላ ይሄድና የሐረጉ ጊዜ ሁሉ ይዛባል። ቅጹ ላይ ሁለት ዓምድ ይኑር፣ የኢትዮጵያና የፈረንጅ፤ ቀያሪው አንድ ሰው ይሁን።

ጥያቄ (ተማሪ)፦ በማር የተነከረ ካርድ የሚባለው እውነት ይሠራል?

ይሠራል። ኤፍቲኤ ካርድ ማር ይቀባና ወጥመዱ ውስጥ ይሰቀላል፤ ትንኟ ማሩን ስትልስ ምራቋን ትተዋለች፣ ካርዱም ቫይረሱን ገድሎ አርኤንኤውን ያቆያል። በምራቅ የተገኘ ቫይረስ ትንኟ ማስተላለፍ እንደምትችል ስለሚያሳይ ዋጋው ትልቅ ነው። መጠኑ ግን ጥቂት ነውና ፒሲአር እንጂ ሙሉ ጂኖም አትጠብቁበት።

ጥያቄ (የላብራቶሪ ኃላፊ)፦ 24 ባርኮድ እስኪሞላ እንጠብቅ ወይስ ባለን እንሩጥ?

ወረርሽኝ ከተጠረጠረ በሦስትም በአራትም ናሙና ሩጡ፤ ለዚህ ፍሎንግል የሚባለው ትንሹና ርካሹ ፍሎው ሴል ይመቻል። በሰላሙ ጊዜ ግን በወር አንድ ዙር ሙሉት፤ ከተለያየ ቀበሌና ከተለያየ ሳምንት ምረጡ እንጂ ከአንድ ዋርድ የመጡትን ብቻ አታከማቹ። ታጥቦ ዳግም የሚያገለግል ፍሎው ሴል ላይ ያለፈው ዙር ቅሪት ስለሚኖር ቀጣዩን ዙር በሌሎች ባርኮዶች ጀምሩ። ውጤቱን ለጤና ቢሮው ስትልኩ የዘር ሐረግ ሥዕል ብቻ አትላኩ፤ የትኛው ቫይረስ፣ የትኛው ቀበሌ፣ የቆየ ወይስ አዲስ፣ በዚህ ሳምንት ምን ይደረግ የሚለውን በአንድ ገጽ ጻፉ። ጂኖሙን ደግሞ ከናሙናው ቀንና ቦታ ጋር፣ ስም ሳይኖርበት፣ ጂንባንክ ወይም ጂሴይድ የሚባሉት ዓለም አቀፍ የዘረመል መዝገቦች ላይ አስገቡ፤ ነገ ወላይታ ወይም ድሬዳዋ ላይ ቫይረስ የሚያነብ ባለሙያ የሚያወዳድረው ከጅማው ጋር ነው።