መልስ፦ የ60 ዓመቱ ተዋናይ ጎረምሳ ሆነው ይዝፈኑ ወይ?

"በወጣትነታቸው ደሴ መድረክ ላይ የዘፈኑትን የአፍቃሪ ሚና በ60 ዓመታቸው ይድገሙት ወይ?" ላልከው፣ ድምፃቸው ካለ ይድገሙት። ፀጉር ማጥቆሩ ግን ይቅርባቸው። ከሩቅ የተቀመጠ ተመልካች ዕድሜን የሚያየው በጉልበት ነው፤ ሲቀመጡ፣ ሲነሱ።

እስክስታውን ለወጣቶቹ ስጥ፤ እሳቸው ቆመው ይዝፈኑ። በአምባሰል ቅኝት የሚዘፍኑት ዜማ ወደ ላይ ሲወጣ ከከበዳቸው ክራሩና ማሲንቆው ዝቅ ብለው ይቃኙ። ቅኝቱ ያው አምባሰል ነው፤ መነሻ ድምፁ ብቻ ይወርዳል።

ደጋግሜ ያየሁት ችግር ግን አለ። መነሻውን ስታወርድ የተቀባዮቹ ሴቶች ድምፅ ይታፈናል። ይህን በመጀመሪያው ልምምድ ስማው፤ ለዋዜማ አታቆየው። መድረክ ላይ ሙሽራቸው ሆና የምትጫወተው ደግሞ የልጅ ልጃቸውን የምታክል ከሆነች፣ ወላሂ፣ የትኛውም ዜማ አያድንህም። በዕድሜ የምትቀርባቸው ትጫወት።