ትልቁን መኪናህን ጎንደር ማን ሊያይልህ ነው?

ጎንደር ፒያሳ ቁጭ ብዬ ማኪያቶ እየጠጣሁ ነው የምጽፈው። አሜሪካ 22 ዓመት ኖሬያለሁ፤ አብዛኛውን ታክሲ ስነዳ። ለጥምቀት ከአሜሪካ የሚመጡ ልጆች «እዚያ ምን መኪና እንግዛ?» ይሉኛል። እነግራቸዋለሁ፤ አይሰሙኝም።

1. ወረቀት። መንጃ ፈቃድ አውጣ፣ ኢንሹራንስ በራስህ ስም ግባ። አለቀ።

2. ሃይብሪድ ግዛ፤ በቤንዚንም በባትሪም የሚሄደውን ማለቴ ነው፤ ያገለገለም ቢሆን። በፈረንጆቹ የ2010 ሞዴል ፕሪየስ፣ የቶዮታው ሃይብሪድ፣ በአንድ ጋሎን 50 ማይል ገደማ ይሄዳል። የዚያው ዓመት የቤንዚን ኮሮላ 29 ገደማ ነው። የቤንዚን መኪና ፍሬን ስትይዝ ጉልበቱ ሙቀት ሆኖ ይባክናል። ሃይብሪዱ ግን ከፊሉን ወደ ባትሪው ይመልሰዋል። መብራት ላይ ስትቆም ሞተሩ ይጠፋል። ስለዚህ ጥቅሙ ከተማ ውስጥ ነው፤ ሀይዌይ ላይ ብቻ ለሚውል ልዩነቱ ይጠባል። «ባትሪው ከሞተ ጉድህ ነው» ይሉሃል። ያረጃል፣ አልዋሽህም። ግን ኋላ ወንበር ጋ ያለችውን የባትሪ አየር ማስገቢያ በጃኬትና በሻንጣ አትድፈናት። ስንቱ በዚህ አቃጠለው!

3. አሁን ወደ ሆዴ ነገር ልግባ። በዚያው ዓመት ፕሪየሱን ትቼ በጋሎን 15 ማይል የሚሄድ ትልቅ መኪና በብድር ገዛሁ። ለምን? ፎቶ ተነስቼ ለአዘዞ ልጆች ልልክ! በዓመት 30,000 ማይል እነዳ ነበር። አስሉት። 2,000 ጋሎን። በፕሪየስ 600 ይበቃኝ ነበር። አንድ ጋሎን ሲቃጠል ወደ 9 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣዋል። በዓመት ከ12 ቶን በላይ ጭስ በከንቱ ለቅቄያለሁ ማለት ነው።

እናቴ ፎቶውን አይታ «ይሄ ሁሉ ለአንተ ብቻ?» አለችኝ። መቼ ትመጣለህ ስትለኝ «ትኬት ተወዷል እማዬ» እላታለሁ። ትኬቱንማ በየሳምንቱ ማደያ እየቀዳሁት ነበር። ብድሩን ከፍዬ ሳልጨርስ አረፈች። ለአርባዋ ነው የደረስኩት።

4. ለወንድምህ የቤንዚን አውቶሞቢል ልትልክ? ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ኢትዮጵያ ማስገባት ተከልክሏል። ተወው።

ባለፈው ሳምንት አንዱ ልጅ ከአሜሪካ ፎቶ ላከልኝ። ቪ ስምንት ተደግፎ ቆሟል። «እንዴት ነው ጋሼ?» ይላል። እናትህን መጨረሻ ያየሃት መቼ ነው ብዬ መለስኩለት። እስካሁን ዝም ነው።