የሦስት አውቶቡስ ድርጅቶችን ጄሰን ወደ አንድ ሞዴል ለማምጣት

የቲኬት መሸጫህ ከሦስት አውቶቡስ ድርጅቶች ኤፒአይ (ፕሮግራም ከፕሮግራም ዳታ የሚጠይቅበት መንገድ) ጄሰን (በጽሑፍ የተደራጀ ዳታ) ይቀበላል፣ ሁሉም ግን በየራሱ መልክ ይልካል፤ እንዴት አንድ ላድርገው ብለሃል። ሦስቱንም በአንድ ፈንክሽን፣ በኢፍ ላይ ኢፍ እየደረደርክ ለመፍታት መሞከሩን ተወው። ለእያንዳንዱ ኤፒአይ የራሱን ትንሽ ማፐር (የመጣውን ዳታ ወደ አንተ ቅርጽ የሚቀይር ኮድ) ጻፍለት። ሁሉም የሚመልሱት ግን አንድ ዓይነት «ጉዞ» ይሁን፦ መነሻ፣ መድረሻ፣ ሰዓት፣ ዋጋ።

እንዳልከው አንዱ ዋጋውን በቁጥር ይልካል፣ ሌላው «850 ብር» ብሎ በጽሑፍ፣ ሦስተኛው ደግሞ ሌላ ኦብጀክት ውስጥ ወሽቆ። ይሄ ጣጣ ከማፐሩ አይለፍ። ዋጋ ካልመጣ 0 አታድርገው፣ ባዶ ተወው። አለዚያ ከደሴ አዲስ አበባ በነፃ ትሸጣለህ።

ለከተሞቹ የራስህን ኮድ ስጥ። ደሴን በላቲን አንዱ በአንድ ኤስ፣ ሌላው በሁለት ኤስ ይጽፋታል።

ሰዓት ላይ ግን ተጠንቀቅ፤ እኔን ጉድ ሠርቶኛል። አንዱ ኤፒአይ «12:00» ሲልክልኝ እኩለ ቀን ነው ብዬ አሳለፍኩት። ለካ የእኛው የጠዋት 12 ሰዓት ነው! ተሳፋሪው ሻንጣውን ይዞ ደሴ መናኸሪያ ሲደርስ አውቶቡሱ ከሄደ ስድስት ሰዓት ሊሆነው ነው።

ስለዚህ የትኛው ድርጅት በየትኛው አቆጣጠር እንደሚልክ ደውለህ ጠይቅ፣ ዶክመንቴሽኑን አትመን። ከዚያ እዚያው ማፐሩ ውስጥ ወደ ዩቲሲ (ዓለም አቀፉ የጋራ ሰዓት) ቀይረህ አስቀምጠው።