ዊንግ ውስጥ የሚገባ ውሃ፦ ጠይቁ፣ የቻልኩትን እመልሳለሁ

መልሕቅ፦ ሰላም ጠላቂዎች። ኤላት ውስጥ የመጥለቂያ ዕቃ ስጠግን ብዙ ዓመት ሆነኝ። በብዛት የሚመጣልኝ ቅሬታ አንድ ነው፤ «ዊንጌ ውሃ ያስገባል»። ውሃ ውስጥ እንዲያንሳፍፈን ጀርባችን ላይ የምናስረው የአየር ከረጢት ማለታቸው ነው። ዛሬ ማታ እዚሁ ነኝ። ስትጠይቁ ግን ስንት ሊትር እንደወጣ ንገሩኝ። «ትንሽ ገባ» ለሚል ሰው መልስ የለኝም።

ቢኒ_ዱባይ፦ ጋሼ፣ ፉጃይራ ሁለት ጊዜ ጠልቄ ስወጣ ግማሽ ሊትር ገደማ ወጣው። ተቀዷል ማለት ነው?

መልሕቅ፦ ሊትሩን ስለነገርከኝ ተባረክ። የተቀደደ አይመስለኝም። አውራ ጣትህን ጠርጥር። ስትወርድ የዊንጉ ቱቦ ጫፍ ላይ ያለውን የአየር ማስወጫ ቁልፍ ተጭነህ ትቆያለህ አይደል? ከረጢቱ ለስላሳ ነው። ስለዚህ ውስጡ ያለው አየር ግፊቱ አጠገቡ ካለው ውሃ ጋር እኩል ነው። የቱቦው አፍ ከአየሩ ዝቅ ብሎ ከተንጠለጠለ፣ እዚያ ታች ያለው ግፊት ይበልጣል። ቁልፉ ክፍት ነው፤ ውሃው ሰተት ብሎ ይገባል። አየሩ ካለቀ በኋላም ካልለቀቅክ ያው ነው። ቱቦውን ከራስህ በላይ ዘርጋው። ቁልፉን ነካ አድርገህ ልቀቅ። ነካ፣ ልቀቅ። በአፍ የምትነፋ ከሆነ ደግሞ ቁልፉን ከመጫንህ በፊት ትንሽ ተንፍስበት፤ አፉ ላይ የቆመው ውሃ ይውጣ። አለዚያ በየትንፋሹ አንድ ጉንጭ ውሃ ራስህ እየጨመርክበት ነው።

እቤት ስትገባ ውስጡን በንጹሕ ውሃ እጠበው። ውስጡን!

ሰላም_ኤላት፦ ውሃው ወደ ታች ይጎትተኛል?

መልሕቅ፦ አይጎትትሽም። ውስጡም ውጭውም ያው የባሕር ውሃ ነው። የሚወስድብሽ ቦታ ነው። 14 ሊትር የሚይዝ ዊንግ ውስጥ 3 ሊትር ውሃ ካለ ለአየር የቀረሽ 11 ነው። ክብደቱ የሚሰማሽ የጀልባውን መሰላል ስትወጪ ነው።

ናቲ_ዲሲ፦ እኔ ዊንጉን ሽጬ ጃኬት፣ ያ እንደ ሰደርያ የሚለበሰውን የአየር ከረጢት፣ ገዛሁ። ተገላገልኩ።

ካሌብ፦ ጃኬት ውሃ አያስገባም ያለህ ማነው?

ናቲ_ዲሲ፦ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብታ አላየሁም።

ካሌብ፦ ገልብጠህ አፍስሰህ ታውቃለህ?

ናቲ_ዲሲ፦ ...አይ።

መልሕቅ፦ ናቲ፣ ዛሬውኑ ገልብጠው። ጃኬትም ዊንግም ያው ከረጢት፣ ያው ቱቦ ነው። ክርክሩን ሌላ ቦታ ጨርሱት።

ማርታ_ሃይፋ፦ የእኔም ያስገባል ጋሼ። ምን ላድርግ?

መልሕቅ፦ ስንት ሊትር?

ማርታ_ሃይፋ፦ ብዙ።

መልሕቅ፦ «ብዙ» መለኪያ አይደለም እህቴ።

ማርታ_ሃይፋ፦ እሺ፣ 4 ሊትር ገደማ። ማስወጫውን ብዙም አልነካሁም። ማታ ነፍቼ ባሳድረው ጠዋት ሟሽሾ አገኘዋለሁ።

መልሕቅ፦ አሁን ተግባባን። ያንቺ ያፈሳል። ጎሚስታ ጎማ ገንዳ ውስጥ ነክሮ አረፋ እንደሚፈልገው አድርጊ። ጥብቅ አድርገሽ ንፊና መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ ድፈቂው። ከታች ካለው የማስወጫ ቫልቭ ጀምሪ። እሱ ውስጥ ሞላና አንድ ክብ ጎማ አለ። ከጎማው ስር ጨው ወይም አሸዋ ከገባ በደንብ አይገጥምም። ቫልቩን ስበሽ የምትከፍችበትን ገመድም እዪ። እኔ ራሴ በዚህ ተሸውጃለሁ። የገዛ ዊንጌን የውስጥ ከረጢት ቀየርኩ፣ ገንዘቤን አፈሰስኩ፣ ውሃው አሁንም ይገባል። ለካስ የገመዱን ቋጠሮ አሳጥሬ አስሬው ኖሯል። ዊንጉ ሲነፋ ገመዱ ይወጠርና ቫልቩን በስሱ ይከፍተዋል። አንድ ቋጠሮ! ከዚያ ቱቦው ከትከሻ የሚገናኝበትን ኦሪንግ፣ ቀለበት የመሰለውን የላስቲክ ማሸጊያ፣ እዪ። ከረጢቱ ጀርባሽ ላይ በሚያርፈው የብረት ሳህንና በአየር ሲሊንደሩ መሃል ተቆንጥጦ እንዳይሆንም ተመልከቺ።

ዮኒ፦ ዊንግ ውስጥ ውሃ ከገባ ተቀዷል ማለት ነው?

መልሕቅ፦ ዮኒ፣ ወደ ላይ ውጣና አንብብ።

ቢኒ_ዱባይ፦ በበረኪና ባጥበውስ? እናቴ በሱ የማታጥበው ነገር የለም።

መልሕቅ፦ እናትህን አክብርልኝ፣ በረኪናውን ግን አርቀው። ላስቲኩንም ስፌቱንም ይበላል። ንጹሕ ውሃ በአፉ ሙላበት፣ ትንሽ ንፋው፣ ወዝውዘህ ገልብጠህ አፍስስ። ሁለት ሦስት ጊዜ። የቀይ ባሕር ውሃ በሊትር 40 ግራም ያህል ጨው አለው። ሳታጥብ ካደረቅከው ጨው ጠጠር ሆኖ ላስቲኩን ይፍቀዋል። ዊንጋችሁ ውስጥ አሞሌ አታምርቱ። ከዚያ በከፊል ነፍታችሁ ጥላ ስር ስቀሉት።

ካሌብ፦ አየር ቢያልቅብኝ ከዊንጉ ውስጥ መተንፈስ ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ።

መልሕቅ፦ አትማጉ! ያ እርጥብ ከረጢት ሻጋታና ባክቴሪያ ያበቅላል። ሳንባችሁ ውስጥ አታስገቡት። አየር ካለቀብህ ጓደኛህ ጋ ሂድ።

ሰላም_ኤላት፦ የኔ ዊንግ የፈረስ ጫማ ቅርጽ ነው። ሳፈስሰው ሁሌ የሚቀር አለ።

መልሕቅ፦ ቫልቩ በግራ እግሩ በኩል ነው፣ ውሃው ቀኙ ውስጥ ይቀራል። ቀኙን ከፍ አድርገሽ ወደ ግራ አዙሪው። ክብ በሆነው ዊንግ ዙሪያውን ስለሚሄድ ይቀላል።

ዮኒ፦ ዋጋው ስንት ነው?

መልሕቅ፦ ሱቅ ጠይቅ።

ማርታ_ሃይፋ፦ ጋሼ፣ አረፋው ከታችኛው ቫልቭ ነው የወጣው። ፈታሁት። ጎማው ስር የአሸዋ ፍሬ ተለጥፏል፣ ከሰናፍጭ ፍሬ ታንሳለች።

መልሕቅ፦ ጎማውን እጠቢ፣ መቀመጫውን በጣትሽ ዳሰስ አድርጊ። ስትመልሺው ጥርሱ እንዳይዛነፍ በእጅ ብቻ እሰሪው። ፒንሳ እንዳታነሺ።